ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

ከሚዛን ወደ ቴፒ ስጓዝ ሸኮ ከተማ ላይ ጎራ የምልባት አንዲት ኮፒ ቤት አለች። ጠባብ ናት፤ አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተርና ዕድሜ የጠገበ አንድ ዴስክቶፕ ይዛለች። ባለቤቷ ወጣት ሴት ናት፤ ማመልከቻም ሆነ የኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍም ቢሆን ትጽፋለች። ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን የገባሁ ዕለት የያዘችው ሥራ የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት ዝርዝር ነበር። ስም፣ ቀበሌ፣ የማሳ ስፋት፣ ከዚያ በስልክ የተወሰደ የማሳው መገኛ ቁጥር። ከ600 በላይ ገበሬ።

ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ ሲጀምር መብራት ሄደ። ዴስክቶፑም አብሮ ጠፋ። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ እጆቿን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈች። ለመጨረሻ ጊዜ ሴቭ ያደረገችው ከምሳ በፊት ነበር። መብራቱ ተመልሶ ማሽኑ ተነሥቶ ኤክሴሉን እስኪከፍት ድረስ ደጃፍ ላይ ያለችው ቡና አፍይ ቆልታ ጨርሳ መውቀጥ ጀምራለች።

“ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ኮምፒውተር ይጽፋሉና አንድ ነገር ልጠይቅዎ” አለችኝ። “ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? በጣም ፈጣን ፕሮሰሰር ሊወጣ ነው ይባላል።”

ይህን ጥያቄ ቴፒ ካምፓስ ያሉ ተማሪዎችም ይጠይቁኛል። “ሊወጣ ነው” የሚለው ወሬ ከኮምፒውተር ጋር አብሮ ያደገ ነው። በኋላ ኢንቴልን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ትራንዚስተሮች ቁጥር በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን ገመተ፤ በ1975 ደግሞ ሂሳቡን ወደ ሁለት ዓመት አሻሻለው። ግምቱ ብዙም አላሳፈረውም። የኢንቴል የመጀመሪያ ፕሮሰሰር፣ የ1971ዱ 4004፣ 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ የአፕል ኤም1 በ2020 ሲወጣ 16 ቢሊዮን ይዞ መጣ።

ከመንገድ የቀረው ሌላኛው፣ የፍጥነቱ ግምት ነው። በ2000 አካባቢ ኢንቴል በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ 10 ጊጋኸርዝ የሚደርስ ፕሮሰሰር እንደሚኖር ይናገር ነበር። በ2004 ፔንቲየም 4 ላይ 3.8 ጊጋኸርዝ ደርሶ ቆመ። ያ ቺፕ ለብቻው 115 ዋት ይበላ ነበር፤ ሙቀቱን የሚያወጣለት ጠፋ። ቃል የተገባው ባለ 4 ጊጋኸርዝ ተሰረዘ፤ የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬት በዚያው ዓመት በአንድ ጉባኤ መድረክ ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ አንዱን አንጎል ከማስሮጥ ይልቅ በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ኮር መደርደር ያዙ። ኢንቴል ለዴስክቶፕ 6 ጊጋኸርዝ የሚነካ ፕሮሰሰር የሸጠው በ2023 ነው። ከ3.8 ወደ 6 ለመድረስ ከ18 ዓመት በላይ ማለት ነው፤ እሱም ሲጨነቅ ከ250 ዋት በላይ ይጠጣል።

250 ዋት! ሸኮ ላይ ለማን?

የእኔ አቋም እዚህ ላይ ነው። ስለሚመጡት ፕሮሰሰሮች በሚወራው ወሬ ውስጥ እኛን የሚመለከተን ቁጥር ጊጋኸርዙ ሳይሆን ዋቱ ነው። ይህን የምለው “ለገጠር ምን አነሰው” በሚል መንፈስ አይደለም፤ እንደዚያ የሚያስቡ ሰዎች ያናድዱኛል። የልጅቷ ሥራ የከተማ ባንክ ከሚሠራው ያነሰ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ሕግ ቡና ከታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ከተመነጠረ ደን አለመምጣቱ በእያንዳንዱ ማሳ መገኛ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ ይለካል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም የሸኮ፣ የየኪና የቤንች ገበሬ ቡና ገዢ ማግኘቱና ማጣቱ አንድ ቀን በእንዲህ ያለው ኤክሴል ላይ ይንጠለጠላል። አንድ ቁጥር ተዛብቶ ቢገባ ያ ማሳ ወንዝ ውስጥ ወይም ደን መሐል ተገኘ ማለት ነው። ይህን ሥራ መብራት በሄደ ቁጥር ከመጀመሪያው መጀመር ግፍ ነው።

እዚህ አገር የሸኮ ከብት የሚባል አለ። አጭር ነው፤ ሻኛው እዚህ ግባ የማይባል፣ ቀንዱም አጭር ወይም ጭራሹን የሌለ። የቆላ ዝንብ በሚያመጣው ገንዲ ሌላው ከብት ሲረግፍ ግን እሱ ችሎ ያርሳል፤ ላሟም ትታለባለች። ተመራማሪዎች ዝርያው ባለሻኛ ከሆኑት ትላልቅ ከብቶች ጋር እየተዳቀለ እየሳሳ መሄዱን ደጋግመው ጽፈዋል። ፕሮሰሰር ስመርጥ የሚታወሰኝ ይህ ከብት ነው። ግዝፈቱን ትቼ በዚህ አየር፣ በዚህ መኖ የሚቆመውን እፈልጋለሁ።

ሂሳቡን ልጅቷ ፊት በወረቀት ሠራሁት። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ቶሎ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል 600 ይቀረናል። የእሷ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 150 ዋት ቢወስድ 4 ሰዓት ነው። ሥራ ላይ እያለ 20 ዋት የሚበቃው ላፕቶፕ ግን 30 ሰዓት ይሄዳል፤ በመሐል የሚባክነውን ብንቀንስ እንኳ ሦስት የሥራ ቀን ያህል ነው። ያውም የራሱ ባትሪ ሳይቆጠር። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

ደስ የሚለው፣ የዓለም ገበያም ወደዚሁ እያዘነበለ ነው። አፕል ኤም1ን ማክቡክ ኤር ውስጥ ሲያስገባ ፋን አላደረገለትም፤ አላስፈለገውማ። ፋን የሌለው ማሽን አቧራ አይስብም። በቡና መፈልፈያ አጠገብ የሠራ ሰው፣ የገለባው ብናኝ ከእርጥበቱ ጋር ተለጥፎ ላፕቶፕ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በስልክ ቺፕ የሚታወቀው ኳልኮም በ2024 (እ.ኤ.አ.) ለላፕቶፕ የሚሆን አዲስ ቺፕ ይዞ መጣ፤ ኢንቴልና ኤኤምዲም ሽቅድምድሙን ወደ ቁጠባ አዙረዋል። እነዚህ አዳዲሶቹ ዛሬ ከአቅማችን በላይ ናቸው። ግን በአምስትና በስድስት ዓመት ውስጥ ያገለገሉ ሆነው እኛ ጋ ይደርሳሉ። ስለዚህ የዛሬው ወሬ ለእኛ የወደፊት ገበያችን ወሬ ነው፤ በጉጉት የምከታተለውም ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ተስፋ አለኝ። አሁን የሚወጡት ፕሮሰሰሮች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተለየ ክፍል ይዘው ነው። ኢንተርኔት በጠፋበት ቀን ንግግርን እዚያው ማሽኑ ላይ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ኮምፒውተር ለዚህች ኮፒ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቺፑ ግን አማርኛን በራሱ አያውቅም፤ ሸኮኛንማ ተዉት። ያንን የሚያስተምረው ሰው ከእኛው መሐል መውጣት አለበት።

እስከዚያው የዛሬውን ገበያ በዓይን መጠበቅ ነው። በአገራችን “ኮር አይ 7 ነው” ከተባለ ክርክሩ ያበቃል። እኔም ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ላይ እንዲሁ ተብዬ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው 4ኛ ጀነሬሽን ሆኖ ተገኘ፤ ይግላል፣ ይንቀረፈፋል፣ ባትሪው አንድ ሰዓት አይሞላም። ብመለስ ሻጩ “አይ 7 አይደል ታዲያ?” አለኝ። አልዋሸም፤ የነገረኝ ግን ግማሹን ነው። ያን ብር ያጠራቀምኩት በስንት ሌሊት ሥራ እንደነበር እስካሁን አልረሳውም።

ዋናው ነገር በፕሮሰሰሩ ስም ውስጥ ከሰረዟ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። 7500ዩ ካለ 7ኛ፣ 8250ዩ ካለ 8ኛ ጀነሬሽን ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው “ዩ” ቆጣቢ ናት ማለት ነው። አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ አለው፤ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አይ 5-8250ዩ ግን አራት። ሁለቱም የተሠሩት ለ15 ዋት ነው። ስለዚህ 8ኛው አይ 5 ከ7ኛው አይ 7 ይሻላል፤ ሻጩ ስለማያውቀው ወይም ስለማይነግራችሁ እንጂ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴሎቹ የሚቀበለውም በአመዛኙ ከ8ኛው ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ከ8ኛው በፊት የነበሩትን የውጭ ቢሮዎች አራግፈው ወደ እኛ ይሰዷቸዋል ብዬ እሰጋለሁ፤ በርካሽ ሲመጡ በጥንቃቄ ነው።

ያለውን ይጣል ግን አልልም። አሮጌ ማሽን ላይ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየርና ራም መጨመር ብዙ ጊዜ አዲስ ፕሮሰሰር ከሚያመጣው ለውጥ ይበልጣል። ሊኑክስ ሲጫንበት ደግሞ ግዕዝ ፊደሉን ያለ ችግር ይጽፋል፤ ፊደላችን ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ቦታውን ይዟልና።

“አትጠብቂ” አልኳት። መጠበቅ እንደ ፈረንጁ አገር ዋጋ የሚቀንስበት ጊዜ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ገባ፤ “ትንሽ ልጠብቅ” ብለው የነበሩ የማውቃቸው ተማሪዎች ላፕቶፑን ሳያገኙ ተመረቁ። “8ኛ ይሁን፣ ‘ዩ’ ይኑረው፣ ባትሪውን ሳታዪ ብር እንዳትቆጥሪ። እኔ የተታለልኩትን አንቺ አትታለዪ።” ቁጥሩን በእስክሪብቶ የእጇ መዳፍ ላይ ጻፈችው።

ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ ዴስክቶፑ ወደ ጥግ ተገፍቶ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ግራጫ ላፕቶፕ ተቀምጧል። የማኅበሩ ጸሐፊ ጋቢያቸውን ደርበው አጠገቧ ተቀምጠዋል፤ የቀሩትን አባላት ከመዝገብ እያነበቡላት ነው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ መብራት ሄደ። ኮፒ ማሽኑ ዝም አለ። ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው መዝገቡ ላይ አበሩና ቀጣዩን ስም ፈለጉ።

“ይቀጥሉ አባባ” አለች፣ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳትነቅል፤ “ማሳቸው ስንት ሄክታር ነው?”