ታሪካችን የእኛ ነው ካልን መዝጋቢው ለምን ደመወዝ የለውም?

ወገኖች፣ የዛሬው ጽሑፌ ብዙ ላይክ አያመጣልኝ ይሆናል። ግን ማለት ያለብኝን ልበል።

እዚህ ገጽ ላይ በየቀኑ «ታሪካችን ተቀበረ» እንላለን። ልክ ነን። ግን የተቀበረውን ማን እንዲያወጣልን ነው የምንጠብቀው? አርኪዮሎጂና ታሪክ ተምረን የተመረቅን የጋምቤላ ልጆች አለን። ኤግዚት ኤግዛሙንም አልፈናል። ዛሬ ግን አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ በቀን ሂሳብ መጠይቅ ያስሞላል፣ ሌላው እንደ እኔ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ይውላል። ሰሌዳው ላይ «ታሪክ ወይም ቅርስ አስተዳደር» የሚል መደብ ከወጣ ደግሞ ከሥሩ አንድ ቃል አይጠፋም፦ የሥራ ልምድ፣ 2 ዓመት። ልምዱን የት አግኝተን?

ይሄ የጥቂት ተመራቂዎች ብሶት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላመጣውም ነበር። ምን እንደምናጣ ላሳያችሁ።

ባሮ ዳር ሁላችንም ቆመናል። ለዋና፣ ለዓሣ፣ ለሴልፊ። ያ ዳርቻ ግን ወደብ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም አፄ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት የድንበር ውል እንግሊዝ ኢታንግ አካባቢ፣ ባሮ ዳር፣ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ የንግድ ጣቢያ እንድትይዝ ተፈቀደላት። ጣቢያው በተግባር የተተከለው ጋምቤላ ላይ ሆነ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ተነስቶ በነጭ ዓባይና በሶባት አድርጎ እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር። ጨውና ጨርቅ አራግፎ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭኖ ይመለሳል። ጣሊያን አገር ሲወር ጋምቤላንም ያዘ። መጋቢት 1933 ዓ.ም ላይ ከተማዋን ከፋሺስት ያስለቀቁት ከቤልጂግ ኮንጎ የተነሱ አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው። ሱዳን ነፃ ስትወጣ ደግሞ ውሉ አበቃና ጣቢያው ጥቅምት 1949 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

«ታዳጊ ክልል» ይሉናል አይደል? ከመቶ ዓመት በፊት የዓለም ገበያ በጀልባ ደጃችን ድረስ የሚመጣበት ከተማ ነበርን። ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር? ካላወቃችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የሚነግራችሁ ሰው አልተቀጠረም።

ወረቀቱስ የት ነው? ጣቢያውን ያስተዳድር የነበረው በካርቱም የተቀመጠው የእንግሊዝ አስተዳደር ስለሆነ መዝገቡ ወደዚያው ሄደ። የዚያ ዘመን ሹማምንት የግል ማስታወሻና ፎቶግራፍ ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ፣ በሱዳን መዛግብት ክፍል ተሰብስቧል። ካርቱም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮ የደረሰባትን ታውቃላችሁ፤ ብሔራዊ ሙዚየሟ ሳይቀር ተዘርፏል። የከተማችን ታሪክ ግማሹ የሰው አገር መደርደሪያ ላይ፣ ግማሹ የሰው አገር ጦርነት ውስጥ ነው። እኛ ጋ የቀረው መሬቱና የሽማግሌዎቻችን ጭንቅላት ነው። ሽማግሌ ደግሞ አይጠብቅም።

ስለ ሕዝባችን የተጻፈውንም እዩት። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የሚባለው እንግሊዛዊ ስለ ኑዌርና ስለ አኙዋ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1940 በመጽሐፍ አወጣ፤ የኑዌሩ መጽሐፍ እስከ ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ይነበባል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ጋምቤላ ንግድ ጽፈዋል። ደረጄ ፈይሳ ስለ አኙዋና ኑዌር ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ2011 ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ሁሉም ክብር ይገባቸዋል፣ ባይጽፉት ኖሮ ይሄንንም አናውቅም ነበር። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የመዠንግር፣ የኦፖ፣ የኮሞ ልጅ ስለ ራሱ ሕዝብ የጻፈውን መጽሐፍ የምናነበው መቼ ነው? እስካሁን ጠያቂው ሌላ፣ መላሹ እኛ ነን። ከእኛ መካከል ቀና ያለው ልጅ ቢበዛ አስተርጓሚ ይሆናል። ተመራማሪው ሲሄድ የእሱም ሥራ አብሮ ይሄዳል።

አሁን ስለ ኢንተርንሺፕ ልንገራችሁ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ ጉዳዩ የአንድ ቢሮ አይደለምና። የትብብር ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ሁለት ወር ሙሉ የሠራሁት የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ቁጥር መጻፍ ነው። ፕሪንተር ቀለም ሲያልቅበት የምላከው እኔ ነኝ። አበል የለም፣ የትራንስፖርት የለም፤ ምሳዬን ከቤት እየያዝኩ ነው የጨረስኩት። አንድ ቀን ግን ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ አንድ ካርቶን አገኘሁ። ውስጡ የሸክላ ስባሪ፣ ዶቃ፣ አንድ የዝሆን ጥርስ አምባር። ቁጥር የለውም። ከየት መጣ? ማን ሰጠ? መቼ? የሚያውቅ የለም። «ድሮ ከገጠር የመጣ ነው» ተባልኩ።

ያልተማረ ሰው «ታዲያ ዕቃው አለ አይደል?» ይላል። የለም! የአርኪዮሎጂ የመጀመሪያ ትምህርት ይሄ ነው፤ አንድ ዶቃ ብቻውን ጌጥ ነው። የት ቦታ፣ በስንት ሜትር ጥልቀት፣ ከምን ጋር እንደተገኘ ሲጻፍለት ግን ምስክር ይሆናል። አኙዋ ዘንድ ዲሙይ የሚባለው የጥሎሽ ዶቃ ስንት ትውልድ እንደተሻገረ፣ በየትኛው የንግድ መስመር እንደገባ ሊነግረን ይችል ነበር። ያ ካርቶን ግን ምላሱ ተቆርጧል። የቆረጠው ሌባ ወይም ጠላት አይደለም። በጊዜው እስክሪብቶ ይዞ «ይሄ ከየት ነው አባባ?» ብሎ የሚጽፍ አንድ ጀማሪ ባለሙያ ባለመቀጠሩ ነው። የአንድ ልጅ ደመወዝ ቆጥበን የአንድ ሕዝብ ምስክር አጣን።

ለመመዝገብ ጠይቄ ነበር። «ያንተ ሥራ አይደለም» አሉኝ። እውነት ነው፣ የእኔ ሥራ አልነበረም። የማን ሥራ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ሌላም አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ካሩቱሪ ብቻውን 100,000 ሄክታር መሬታችንን በሊዝ ወሰደ፤ በ2008 ዓ.ም ውሉ ተሰረዘ። ሳዑዲ ስታር አቦቦ ላይ 10,000 ሄክታር ያዘ። ስለ ደኑና ስለ ተፈናቀለው ሰው ብዙ ተብሏል፣ መባልም አለበት። ግን ዶዘር ከመግባቱ በፊት ከፊት ከፊቱ እየሄደ የጥንት መንደር፣ መቃብር፣ የብረት ማቅለጫ ይኖር እንደሆነ የፈተሸ የክልላችን ልጅ አይታችኋል? እኔ አላየሁም። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ በቁፋሮ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ ያሳውቅ ይላል። ጥሩ። ዶዘር ላይ የተቀመጠው ልጅ የሁለት ሺህ ዓመት ሸክላ ከትናንት ሸክላ በምን ይለያል? አዋጁ ዓይን ይፈልጋል፤ ዓይኑ ደግሞ እኛ ነን፣ ሥራ ፈትተን የተቀመጥነው።

ይሄ ቅንጦት አይደለም፣ ሌላው ዓለም ሥራ አድርጎታል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2001 ሕግ አውጥታ፣ ከግንባታ በፊት ለሚደረግ ቁፋሮ ብቻ የቆመ ተቋም አላት፤ 2,000 ገደማ ሠራተኛ አለው፣ ወጪውን አልሚው ይካፈላል። ሩቅ ከመሰላችሁ ዓባይን ተከትላችሁ ውረዱ፤ የአስዋን ግድብ ውሃ ኑቢያን ሊውጥ ሲል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1980 ዓለም ተረባርቦ ቅርሱን አድኗል። በአገራችንም አብነት አለ። ሀዳር ላይ ሉሲ ከመገኘቷ ከሳምንታት በፊት፣ በ1967 ዓ.ም መጀመሪያ፣ የመጀመሪያዎቹን የጥንት ሰው መንጋጋዎች ያገኘው ዓለማየሁ አስፋው ነው። ማን ነበር? ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር የመንግሥት ወኪል ሆኖ የተመደበ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ። ደመወዝ ያለው፣ ቦታው ላይ የተገኘ፣ ዓይኑ የሠለጠነ ሰው። በቃ፣ ሌላ ተአምር አይፈልግም።

አውቃለሁ፣ «በጀት የለም» ይባላል። «ጎርፉ፣ ስደተኛው፣ ፀጥታው ይቅደም» ይባላል። ጎርፉም ፀጥታውም እውነት ነው፣ እኛም የምንኖረው እዚሁ ነው። ግን ኅዳር 29 በደረሰ ቁጥር ለቲሸርት፣ ለኮፍያና ለመድረክ ገንዘብ አይጠፋም። ባህላችን ሲጨፈር በጀት አለው፣ ሲመዘገብ ግን የለውም። ለመጀመር እኮ የሚያስፈልገው ስልክ፣ ደብተር፣ የጀልባና የሞተር ሳይክል ነዳጅ፣ እና ለልጁ የወር ቀለብ ነው።

«በነፃ ይሥሩ፣ ለአገራቸው አይደል?» የሚለውንም ሰምቻለሁ። በነፃ መሥራት የሚችለው ማን ነው? አዲስ አበባ ዘመድ ያለው፣ አባቱ የሚያበላው። ከዲማ ወይም ከአኮቦ የመጣ ልጅ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ አዲስ አበባ ሙዚየም ውስጥ ሦስት ወር በነፃ ያገለግላል? የት አድሮ? ልምምዱ ነፃ ሲሆን ታሪክ የሚጽፈው የሀብታም ልጅ ብቻ ይሆናል። ታዲያ ያኔ ደግሞ «ታሪካችንን ሌላ ጻፈው» ብለን እዚህ ገጽ ላይ እንጮሃለን።

አሁን ወደ ራሳችን። ኮሜንት መስጫው ውስጥ «ማን ቀድሞ መጣ» እያልን አኙዋና ኑዌር ስንሰዳደብ የምናድረው እኛው ነን። አንዳችንም ማስረጃ የለንም። እኔ የተማርኩት ሙያ ለዚያ ጠብ ጥይት ለማቀበል አይደለም። መሬት ስትቆፈር የምታሳየው ሰው ሲመጣ፣ ሲሄድ፣ ሲጋባ፣ ሲነግድ ነው። ንጹሕ ድንበር አታሳይም። ይሄንን የሚፈራ ብሔርተኛ ካለ የሚወደው ሕዝቡን ሳይሆን ጩኸቱን ነው።

ጥያቄያችን ግልጽ ይሁን። አንደኛ፣ በየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ቢያንስ አንድ የቅርስ ምዝገባ ጀማሪ መደብ፣ በዜሮ ዓመት ልምድ፣ በግልጽ ውድድር። ሁለተኛ፣ ኢንተርንሺፕ አበል ይኑረው፤ ተለማማጁ የሚያስረክበው ሥራም ይኑረው፤ ሃምሳ ዕቃ ከነቁጥሩ፣ አስር ሽማግሌ ከነድምፁ። ሦስተኛ፣ ሰፊ እርሻም ሆነ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ቦታው በባለሙያ ይፈተሽ፣ ወጪውን አልሚው ይሸፍን፣ ከቡድኑ ውስጥ የክልሉ ተመራቂዎች ይኑሩበት። አራተኛ፣ ለምርምር የሚመጣ ሁሉ አስተርጓሚ ብቻ ሳይሆን ተማሪ ይያዝ፤ የጻፈውንም አንድ ቅጂ እዚሁ ይተው።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። በዚህ ሳምንት እያንዳንድሽ፣ እያንዳንድህ፣ አያት ወይም ጎረቤት ሽማግሌ ጋ ቁጭ በሉ። ስልኩን ክፈቱ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ስም፣ ቦታና ቀን መጀመሪያ ላይ ተናገሩ፣ ከዚያ ጠይቁ። መርከቧን ያየ ሰው ምናልባት አሁንም በሰፈራችሁ አለ። የምትሰበስቡትን ሥርዓት አስይዘን እንመዘግበዋለን፤ እኔ ለዚህ ጊዜ አለኝ፣ ሥራ የለኝምና።

ያቺ ካርቶን ግን አሁንም እዚያው ናት። ሁለተኛ ካርቶን እንዳይጨመርባት ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት።

አንብባችሁ ካመናችሁበት ሼር አድርጉት። ካላመናችሁበት ደግሞ መልስ ጻፉ፣ በስድብ ሳይሆን በማስረጃ።