አንበሳው ብቻውን አይበቃም

በስድስት ኪሎ ግቢያችን፣ ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት፣ የትም የማያደርስ አንድ ደረጃ ቆሟል። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ግን ቤትም ሰገነትም የለውም። ያሠሩት ፋሺስቶች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒ አገዛዝ የቆየበትን አንድ ዓመት እንዲቆጥር የታሰበ ሲሆን፣ ቁጥሩ የሚነሣው ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ወደ ሮም ከዘመቱበት ከጥቅምት 1915 ዓ. ም. ነው። ጠላት ከተባረረ በኋላ በደረጃው ጫፍ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት።

ይህ ደረጃ ይፍረስ ወይስ ይቆይ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በአገራችን አደባባዮች ስለ ቆሙት ሐውልቶች ሁሉ የምንከራከርበትን መንገድ የሚወስን ስለ ሆነ በጥሞና ልናየው ይገባል።

ይፍረስ የሚለው ወገን ምክንያቱ ቀላል አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። ምጽዋት ለመቀበል ተሰብስቦ የነበረው ድኻ የተጨፈጨፈውም በዚሁ ግቢ ነው። ግድያው ወደ ከተማው ወጥቶ ሦስት ቀን ቆየ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። እንዲህ ያለ ደም በፈሰሰበት ምድር ላይ የገዳዩ የዘመን መቁጠሪያ ለምን ይቆማል ብሎ የሚጠይቅን ሰው ማንም ሊነቅፈው አይችልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና።

ወራሪ የሠራው ሁሉ ይፍረስ ከተባለ ግን ጎንደርን ምን ልናደርጋት ነው? በፒያሳ የሚገኘው ፖስታ ቤትና ሲኒማው የኢጣልያኖች ሥራ ናቸው። ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የጠላት የመጨረሻ ምሽግ ነበረች፤ ጄኔራል ናዚ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ. ም. ነው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ሕንፃዎቹን ለራሱ ጉዳይ አዋላቸው። ፖስታ ቤት ደብዳቤ ያደርሳል፤ ሠሪው ማንም ይሁን ማን ሥራው ይታያል። የስድስት ኪሎው ደረጃ ግን ከፉከራ በቀር ሌላ ሥራ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ሕንፃንና የድል ሐውልትን በአንድ ሚዛን መመዘን ስሕተት ነው።

ታዲያ ፉከራ ብቻ ከሆነ ለምን አይፈርስም? መልሱ በአንበሳው ላይ ነው። ፋሺስቶች በለገሃር ፊት ቆሞ የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ወደ ሮም ወስደው፣ በዶጋሊ ጦርነት ለሞቱት ወታደሮቻቸው ከተሠራው ሐውልት ሥር አስቀምጠውት ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1929 ዓ. ም. ሰይፍ መዝዞ ቁጣውን የገለጸው በዚያ ሥፍራ ነው። እነሱ የእኛን አንበሳ ከሐውልታቸው ሥር አዋሉት፤ አባቶቻችን ደግሞ አንበሳውን ከሐውልታቸው ራስ ላይ አወጡት። ደረጃውን በመዶሻ ከመሰባበር ይልቅ ምርኮኛ አደረጉት ማለት ነው። ምርኮኛ ደግሞ ስለ ጌታው ክፋት የሚመሰክር ከሆነ በሕይወት መቆየቱ ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ አንበሳው የሚናገረው ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ለማያውቀው ደረጃው ጌጥ፣ አንበሳውም የጌጥ ጌጥ ነው፤ አጠገቡ ቆሞ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይሄዳል። ምስክሩ ዲዳ ከሆነ ምርኮኛው ቀስ በቀስ እንግዳ፣ ኋላም ባለቤት ይሆናል። ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም። በ2004 ዓ. ም. ማብቂያ ላይ በኢጣልያ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ለዚያው ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠርቶ ተመርቋል። መታሰቢያው የቆመው ሰውየው ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ኢትዮጵያውያን በአገር ውስጥም በውጭም ተቃውመዋል፤ ከኢጣልያኖችም የተቃወሙ ብዙዎች ናቸው። ያ መታሰቢያ ከእኛ ደረጃ የሚለየው አዋራጅ መልስ ያልተሰጠበት መሆኑ ነው፤ በዚያ ግራዚያኒ የሚታሰበው እንደ ጀግና ነው።

ከውጭ ጠላት ሐውልት ይልቅ የሚከብደው የራሳችን ነው። የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ. ም. ከአዲስ አበባ ወረደ። ደርግ በ1977 ዓ. ም. ያቆመው ትግላችን ሐውልት ግን፣ ደርግ ሄዶም፣ በሶማልያ ጦርነት ለወደቁት የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች መታሰቢያ ሆኖ ቀረ። በጊዮርጊስ አደባባይ የቆመውን የዐፄ ምኒልክ ሐውልት ጠላት አንሥቶ ቀብሮት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ተመለሰ፤ ዛሬም አንዱ ወገን የዓድዋን ድል፣ ሌላው የደቡቡን ዘመቻ ያይበታል። በ2006 ዓ. ም. በአርሲ የተመረቀው የአኖሌ ሐውልት ደግሞ ለአንዱ ወገን የአያቶቹ ጩኸት፣ ለሌላው የቂም ዘር ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንድ የሚያደርጋቸው ግን የየአንዳንዱ ደጋፊ የሌላውን ድንጋይ በሌሊት ነቅሎ ማደር መመኘቱ ነው።

እኛ ከጎንደር በላይ፣ ከትክል ድንጋይና ከላይ አርማጭሆ አካባቢ የመጣን ተማሪዎች ስለ ተተከለ ድንጋይ ከገበሬው የተማርነው ሕግ አለ። የወሰን ድንጋይ ክርክር ቢነሣበት ባላንጣዎቹ ተጠርተው፣ ሽማግሌ ቆሞ፣ ምስክር ተሰምቶ እንጂ በሌሊት አይነቀልም። በሌሊት የነቀለ፣ እውነቱ ከእሱ ጋር ቢሆን እንኳ፣ ነገሩን አበላሽቷል። የተማረው ሰው ከገበሬው ያነሰ ሥርዓት ሊኖረው አይገባም። ሐውልት ሲተከልም ሲነሣም፣ የታሪክ መምህራን ማስረጃቸውን በግልጽ ያቅርቡ፤ ተበደልኩ የሚለው ይሰማ፤ ውሳኔውም ከነምክንያቱ ተጽፎ ይቀመጥ። በድንጋይ ላይ የተበደለ ወገን ቢኖር የመጀመሪያው ቃል የእሱ ይሁን፤ የመጨረሻው ቃል ግን የማስረጃው ይሁን።

ይህን ሥርዓት ከሩቅ አንፈልገው፤ ከግቢያችን እንጀምር። ገነተ ልዑል በ1954 ዓ. ም. የትምህርት ቤት የሆነው ድንጋዩ እንዲማርከን ሳይሆን እንዲያስተምረን ነው። ስለዚህ በበኩላችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ደረጃው አይፍረስ። ሁለተኛ፣ ማን እንደ ሠራው፣ እርከኖቹ ምን እንደሚቆጥሩ፣ አንበሳው ለምን እንደ ተቀመጠና በዚህ ግቢ የካቲት 12 ምን እንደ ተፈጸመ በጉልህ ፊደል የተቀረጸ ድንጋይ በአጠገቡ ይቁም። ጽሑፉ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች፣ በኢጣልያንኛም ጭምር ይሁን፤ የሠሪው የልጅ ልጅ ሲመጣ ሊያነበው ይገባልና። ሦስተኛ፣ ቃሉን የሚያዘጋጁት ተማሪዎችና መምህራን በአንድነት ሆነው፣ ረቂቁም በግልጽ ስብሰባ ይተች።

ወጪው ብዙ አይደለም፤ አንድ ጥርብ ድንጋይና አንድ ጠራቢ ነው። ከባዱ በጽሑፉ ላይ መስማማት ነው። በጠላት ደረጃ ላይ አሥር መስመር በአንድነት መጻፍ ያቃተን እንደ ሆነ፣ በራሳችን ሐውልቶች ላይ እንስማማለን ብለን ለሕዝቡ ተስፋ ልንሰጥ አንችልም። ማኅበራችን ይህን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በአጀንዳ እንዲይዘው እንጠይቃለን። ተቃራኒ አሳብ ያለውም ይጻፍልን፤ ይህ ገጽ ለእርሱም ክፍት ነው።