የከበደ መጽሐፍ እንዴት ይነበባል?

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ያገራችን ሰው። ባለፈው ሳምንት እኔ በማስተምርበት በኩታበር አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከክፍል ስወጣ ጠብቆ፥ «ጋሼ፥ ይህን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት፤ አእምሮዬ ደካማ ነው መሰለኝ» አለኝ። በእጁ የያዘው ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ ነበር። ልጁን ያስጨነቀው የመጽሐፉ ክብደት ብቻ አልነበረም፤ ጓደኞቹ ሁለት ገጽ ሳያነቡ ስለ ነፍስና ስለ ረቂቅ ምሥጢር በድፍረት ሲናገሩ እየሰማ፥ ወደ ኋላ የቀረ እርሱ ብቻ መስሎታል።

መቸም የእኔም ነገር ከጓደኞቹ የተሻለ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፥ ማዳም ብላቫትስኪ እ.ኤ.አ. በ1888 ስለ ቴዎሶፊ፥ ማለት ስለ «አምላካዊ ጥበብ»፥ ያሳተመችውን ትልቅ መጽሐፍ ይዤ ከረምኩ። ባዕድ ቃላቱን እያጠናሁ ለጓደኞቼ እደረድር ነበር። ለዕረፍት አገር ቤት በገባሁ ጊዜ፥ ቅኔ ቤት የዋሉት አጎቴ ወሬዬን አዳምጠው ሲያበቁ፥ «መልካም ነው፤ አሁን ያልከውን እስቲ ለእናትህ ንገራት» አሉኝ። ዝም አልኩ። ቃሉን እንጂ ነገሩን አልያዝኩትም ነበርና።

ደራሲዋ ራሷ በሚቀጥለው ዓመት «የቴዎሶፊ ቁልፍ» የተባለውን መጽሐፍ በጥያቄና በመልስ አዘጋጅታ አቅርባለች። እኔ ግን በሩን ትቼ በጣራው ልገባ ሞከርኩ።

ያገራችን ሊቃውንት ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። የቤተ ክህነት ተማሪ ከንባብ ወደ ዜማ፥ ከዜማ ወደ ቅኔ አልፎ ነው መጽሐፍ ቤት የሚገባው። በዚያም ብሉይ፥ ሐዲስ፥ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብለው ከሚቆጠሩት ጉባኤያት፥ ማር ይስሐቅ የሚገኘው በመጨረሻው ነው። በወሎ ስማቸው በተጠራው በጌታና በዳናም ቢሆን፥ ደረሳው ከሸሁ ፊት ተቀምጦ የዐረብኛውን ሰዋስው፥ ነሕውን፥ ሳይማር ወደ ረቂቁ ኪታብ አይሮጥም። እንግዲህ ተማሪዬ የጀመረው ከመሰላሉ ጫፍ ነው ማለት ነው።

ከደሴ ወደ ኩታበር ስንመጣ የምናልፈው ቦሩ ሜዳ፥ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በተገኙበት ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ቅብዐት የተከራከሩበት ስፍራ ነው። ዕድሜያቸውን በመጽሐፍ የፈጁ ሰዎች በአንድ ቃል ፍች ካልተስማሙ፥ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ምሽት ባይገባው ምን ያስደንቃል?

ስለዚህ የመከርኩት ይህን ነው። አንደኛ፥ ግማሽ ገጽ ብቻ ድምፅህን አሰምተህ ሁለት ጊዜ አንብብ፤ ከሥራ መልስ ጥቂት ጊዜ ላለው የጽሕፈት ቤት ሠራተኛም ይህ ይበቃዋል። ሁለተኛ፥ መጽሐፉን ዘግተህ ያነበብከውን እናትህ በምትሰማው አማርኛ ተናገር፤ ያቃተህ ስፍራ ያልገባህ ስፍራ ነው። ሦስተኛ፥ እንደ መምህራኑ «አንድም» ማለትን ልመድ። እነርሱ አንዱን ፍች ከሰጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላውን ያመጣሉ፤ የፊተኛውንም አይጥሉትም። የመጀመሪያው ሐሳብህ ብቸኛው ፍች እንዳይመስልህ ይጠብቅሃል። አራተኛ፥ ያልገባህን በደብተር ጽፈህ ወደሚያውቅ ሰው ሂድ። አለማወቅን መጻፍ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሳይገባ ገባኝ ማለት ነው።

ትናንት ደብተሩን አምጥቶ አሳየኝ። ግማሽ ገጽ አንብቦ ዘጠኝ ጥያቄ ጽፏል። ሁለቱን እንደ አቅሜ መለስኩለት። ሰባቱን ግን እኔም አላውቃቸውምና፥ በሚመጣው ቅዳሜ ደብተራችንን ይዘን አብረን ወደ አንድ የመጽሐፍ መምህር እንሄዳለን።