የመድኃኒት ቃላትን ማወቅ ለሁላችንም ይበጃል



ከመድኃኒት ቤት የምናመጣው ካርቶን፣ ከላቦራቶሪ የሚሰጠን ውጤት፣ የሐኪሙ ማዘዣም ጭምር አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ‹‹ይኸ የሐኪሙ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?›› የሚል አይጠፋም። በእኔ አስተያየት ግን በደንብ ያገባናል። መድኃኒቱን እቤት ወስደን የምንውጠው እኛው ነን እኮ!

አንዱን እንመልከት። በካርቶኑ ላይ ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ የሚሉ ሦስት ፊደላት አሉ፤ ‹‹ኤክስፓየሪ›› ማለትም የአገልግሎቱ ማብቂያ ማለት ነው። ቀኑ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 05/2024 የሚል ያየ ሰው በእኛ ዘመን ቆጥሮ ‹‹ገና ብዙ ዓመት አለው›› ቢል ተሳሳተ፤ መድኃኒቱ ያበቃው ግንቦት 2016 ዓ.ም. ላይ ነው። ስለዚህ ከዓመቱ 7 ወይም 8 መቀነስ አይረሳ።

ሌላው ‹‹ፖዘቲቭ›› የሚለው ቃል ነው። ሲሰሙት ደግ ወሬ ይመስላል። በምርመራ ወረቀት ላይ ግን የተፈለገው ነገር ተገኝቷል ማለት ነው፤ ለቲቢ ተመርምሮ ‹‹ፖዘቲቭ›› የተባለ ሰው ደስ ብሎት እቤቱ ቢቀመጥ ራሱንም ቤተሰቡንም ይጎዳል። ‹‹ዳያሪያ›› ተቅማጥ ነው፤ ‹‹ኮንስቲፔሽን›› ደግሞ ተቃራኒው፣ የሆድ ድርቀት። ‹‹ሃይፐርቴንሽን›› የደም ግፊት፣ ‹‹ዳያቤቲስ›› የስኳር በሽታ ነው። ‹‹ፎር ኤክስተርናል ዩዝ ኦንሊ›› የሚል ከተጻፈበት ለውጭ አካል ብቻ ነውና በፍጹም አይጠጣም።

ፓራሲታሞልንም እናስተውል። ፓናዶል ማለት ያው ፓራሲታሞል ነው፤ ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶችም ይኸንኑ ይዘዋል። ስሙን የማያነብ ሰው ሁለቱን ደራርቦ ሊወስድ ይችላል። ለአዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ጉበት ይጎዳል።

‹‹ታዲያ ለምን በአማርኛ አይጽፉልንም?›› የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው። ቢጻፍማ እሰየው ነበር! እስከዚያው ግን በሽታው አይጠብቀንም። ደግሞም ቃላቱን ማወቅ ሐኪም አያደርግም፤ የሚጠቅመው ደህና አድርጎ ለመጠየቅ ነው። ‹‹ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል›› ይባል የለ? ካለመጠየቅም ጤና ይቀራል።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ስንት እናትና አባት በየቀበሌው ከፊደል ተነስተው ማንበብ ችለዋል። ሃያ ሠላሳ ቃላት ለመማር ምን ያቅተናል? ስለዚህ ማኅበራችን በየወሩ ስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት ይመድብ። በሠፈራችን ያሉ የጤና ባለሙያዎች ያስረዱን፤ ተማሪ ልጆቻችንም ቃላቱን ከነፍቺያቸው በትልልቁ ጽፈው በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉልን። ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን ደግሞ ጎረቤት ያንብብላቸው።

እስቲ በሚቀጥለው ስብሰባ እንመካከርበት።

ከሠፈሩ ነዋሪዎች አንዱ