ይሉኝታ የሌለው ስፒከር

መኝታ ቤቱን ስቱዲዮ ያደረገ ልጅ ዛሬ በየሰፈሩ አለ። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክ፣ ትንሽ ኪቦርድ፤ በቃ፣ ዘፈን ይሠራል። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ጩኸቱን ከለመዱት በኋላ ልጁ አንድ ቀን ይመጣና «የስቱዲዮ ሞኒተር ያስፈልገኛል» ይላል። ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ የሚያነቃንቅ ስፒከር ያስቀመጠ አባት ቢገረም አይፈረድበትም። «ያኛው ምን ሆነ? ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው የለ እንዴ?»

የሳሎኑ ስፒከር ምንም አልሆነም። የተሠራው ግን ደስ ለማሰኘት ነው። አብዛኛው የቤት ስፒከር ቤዙ ከፍ፣ ትሬብሉ ሳል ብሎ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ግብዣ ላይ ተጋብዞ ጨው የጎደለውን ወጥ «እጅ ይባርክ! ግሩም ነው» እንደሚል እንግዳ፣ ይሉኝታ አለው። ሞኒተር የሚባለው ደግሞ የተቀዳውን ድምፅ በተቻለ መጠን ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲያወጣ የተሠራ ነው። ጨው ከጎደለ፣ ጎደለ ይላል።

ልዩነቱ ቅንጦት የማይሆነው ለዚህ ነው። ሚክሲንግ ማለት ለየብቻ የተቀዱትን የዘፋኙን ድምፅ፣ ክራሩን፣ ቤዝ ጊታሩንና ከበሮውን መጠናቸውን እየለኩ ማዋሃድ ነው። የሚለካው በጆሮ ነው፤ ጆሮ ደግሞ የሚያውቀው ስፒከሩ የነገረውን ብቻ ነው። ቤዝ በሚያበዛ ስፒከር የሚሠራ ልጅ ቤዙ በዛብኝ ብሎ ይቀንሰዋል። እቤት ልክ ይመስላል፤ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ግን ከበሮው ባዶ ካርቶን እንደመምታት ይሆናል። ቤዝ በማታወጣ ትንሽ የኮምፒዩተር ስፒከር የሠራው ደግሞ ጎደለ ብሎ ይጨምራል፤ ሠርግ አዳራሽ ሲከፈት የዘፈኑ ቃል በጉርምርምታ ይዋጣል። ስፒከሩ ያበዛው ከዘፈኑ ይጎድላል፣ ያጎደለው ይበዛል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ በተዛባ ሚዛን እየመዘነ ነው። በእኛ ሙዚቃ ነገሩ ይብሳል፤ ማሲንቆና የዘፋኝ ድምፅ ሁለቱም ጎልተው የሚሰሙት በመካከለኛው የድምፅ ክልል ነው። መሃሉን በሚያደበዝዝ ስፒከር ማን ማንን እንደሸፈነ መለየት ፈተና ነው።

የጃፓኑ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1978 ኤንኤስ-10 የተባለ ስፒከር ለቤት ማዳመጫነት አውጥቶ ነበር። ቤዙ የሳሳ፣ መካከለኛው ድምፅ ፊት ለፊት የሚመጣ፣ ለሳሎን የማይመች ነገር ሆነ። የስቱዲዮ ባለሙያዎች ግን በዚሁ ጠባዩ ወደዱት፤ የዘፈንን ጉድለት አይሸፍንምና። እሱ ላይ ጥሩ የተሰማ ሥራ ሌላ ቦታም ይሰማል ተባለለት። መሃሉ ነጭ ክብ ያለው ያ ጥቁር ሣጥን በ1980ዎቹ በዓለም ስመ ጥር ስቱዲዮዎች የሚክሲንግ ጠረጴዛ ላይ የማይጠፋ ሆነ፤ ምርቱ የቆመው በ2001 ነው። ዛሬ ወጣቶች የሚፈልጉት ኤችኤስ የተባለው የያማሃ ሞኒተር ነጩን ክብ የወረሰው ከእሱ ነው።

አዲሱ ሞኒተር ቤት ሲገባ ቤተሰቡ ይዘጋጅ፤ መጀመሪያ ደስ አይልም። ድምፁ ደረቅ ይመስላል፣ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ብር ያወጣነው?» ያሰኛል። ልጁም ሲመካባቸው የነበሩት የራሱ ሥራዎች ድንገት ያስጠሉታል። ዕቃው አልተበላሸም። ጥቂት ሳምንት ምንም ሳይሠራ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸውን ዘፈኖች፣ የጥላሁን ገሠሠም ይሁን የአስቴር አወቀ፣ እየደጋገመ ቢያዳምጥበት ጆሮው የአዲሱን ስፒከር ቋንቋ ይለምዳል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ክፍሉን ነው። የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ ይላጋል፣ ቤዙ ማዕዘን ማዕዘኑን ይዞ ይከማቻል። በዚህ ላይ ሞኒተሩን ጥግ አስጠግቶ ማስቀመጥ ያንኑ ይሉኝታ መልሶ መስጠት ነው። ከግድግዳ ፈቀቅ ይበል። ሁለቱ ስፒከሮች የሚራራቁትን ያህል ከልጁ ጭንቅላት ይራቁ፤ አንድ ሜትር አካባቢ ይበቃል። ትንሿ ክብ፣ የቀጭን ድምፅ ማውጫዋ፣ በጆሮ ትክክል ትሁን። ግድግዳን በእንቁላል ካርቶን መለጠፍ እንደ ወግ ተይዟል፤ እኔ ግን አልመክርም። ቤዙን አይነካውም፣ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍም አያግድም፣ እሳት ደግሞ ቶሎ ይይዘዋል። ከእሱ ይልቅ ጥግ ላይ የቆመ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ፣ ከባድ መጋረጃ፣ ምንጣፍና መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ ይሻላሉ። ለመኝታ ቤት ባለ 5 ኢንች ይበቃል፤ ባለ 8 ኢንቹ በጠባብ ክፍል ያጉረመርማል።

ለቤተሰቡ መልካሙ ዜና፣ ሞኒተር በዝግታ ነው የሚሠራበት። ድምፅ ሲጮህ ጆሯችን ቤዙንና ትሬብሉን አጉልቶ ስለሚሰማ ማንኛውም ዘፈን ያማረ ይመስላል። ስለዚህ አብዛኛው ሥራ ሰው በሚያወራበት መጠን ቢሆን ይመረጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ጆሮ ያስቀመጠው ገደብም በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። ቀኑን ሙሉ ለሚያዳምጥ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሲገዛ ደግሞ፣ የዛሬዎቹ ሞኒተሮች አብዛኞቹ አምፕሊፋየራቸው ውስጣቸው ነው፤ ሌላ አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በነጠላ ስለሆነ የተነገረዎት ዋጋ የአንዱ ይሁን የጥንዱ ይጠይቁ። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አስቀድሞ ያንብብ፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራውን እኛ ቤት 220 ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። ብሩ ለሞኒተርም ለክፍሉም ካልበቃ ጥሩ የስቱዲዮ ሄድፎን ይቅደም። መጥፎ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ውድ ሞኒተር እሱን እመርጣለሁ።

የሳሎኑን ስፒከር ግን አትሽጡት። ሰው ዘፈኑን የሚሰማው በሞኒተር ሳይሆን በስልክ፣ በመኪናና በእንዲህ ዓይነቱ ስፒከር ነው፤ ያለቀ ሥራ በእነሱም መፈተን አለበት። በሩን ከፍቶ ከሌላ ክፍል ማዳመጥም የቆየ የባለሙያዎች ዘዴ ነው። ወጥ ቤት ያለች እናት «ምን አለ? ቃሉ አልተሰማኝም» ካለች የዘፋኙ ድምፅ ትንሽ ከፍ ይበል።