የግጥም ልክ በዓይን ነውን ወይስ በጆሮ?

በትምህርት ቤታችን ግጥም የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው። ሊያርምለት የሚቀመጠው ጓደኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጣቱ ፊደል ሲቈጥር ይታያል፤ አንዱ ስንኝ 14፣ ሁለተኛው 17 ፊደል ሆኖ ካገኘው «ልኩን ስቷል» ብሎ ይመልስለታል። ይህ አቈጣጠር ፈጽሞ ስሕተት ነው ብዬ እከራከራለሁ።

አንባቢ ሆይ፤ ነገሩን ከደጃችን እንጀምረው። «ጭላሎ» 3 ፊደል ነው፤ ሲነገርም 3 ቀለም አለው። «ስንዴ» 3 ፊደል ሆኖ 2 ቀለም ነው። «ገብስ»ም 3 ፊደል ነው፤ በአፍ ግን 1 ቀለም ብቻ ነው። ይህን የሚያመጣው ሳድሱ ፊደል ነው፤ በጭላሎ መነሻ ላይ ይሰማል፣ በገብስ ውስጥ ግን ከ«ገ» ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ለአብነት እኔው የገጠምኋቸውን ሁለት ስንኞች ላቅርብ፤ ውበታቸውን ተዉትና ልካቸውን ብቻ ተመልከቱ።

ጭላሎ ሲጠቁር፣ ገበሬው ተነሣ፤
ዝናቡ ሳይቀድመው፣ ገብስ ይዞ ከማሳ።

በፊደል 14 እና 17 ናቸው። ጮክ ተብለው ሲነበቡ ግን እያንዳንዳቸው 12 ቀለም ሆነው 6 በ6 ይከፈላሉ፤ የወል ቤት የሚባለው ልክ ይህ ነው። ቤት መምቻውም አንዱ በንጉሡ «ሣ»፣ ሌላው በእሳቱ «ሳ» ተጽፏል፤ ለጆሮ ግን አንድ ነውና ቤቱ መትቷል። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም «የጸጋዬ ቤት» የተባለው 8 በ8 የሚሄደው ስንኝም የሚለካው በዚሁ መንገድ ነው።

ነገሩን አጥብቄ የያዝሁበት ምክንያት አለኝ። በኢተያ ብዙዎቻችን አፍ የፈታነው በአፋን ኦሮሞ ነው። በቁቤ የጠበቀ ድምፅ ፊደሉ ተደርቦ ይጻፋል፤ በአማርኛ ግን በዓሉ «ገና» እና ጊዜው «ገና» አንድ መልክ አላቸው። አማርኛን ከገበያና ከጨዋታ የለመደ ልጅ ጆሮው ሙሉ ሳለ፣ ወረቀቱ ላይ ቀይ መስመር ሲያይ «ግጥም የእኔ አይደለም» ይላል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ እንዲሁ ደብተሩን ዘግቶ እስከ ዛሬ አልከፈተውም።

እርግጥ ጆሮም ቢሆን ሁልጊዜ አይስማማም፤ አንዱን ቃል ረጋ ብሎ የሚናገር ይጐትተዋል፣ የሚፈጥን ይውጠዋል። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ የገጣሚው አነባበብ ይበልጣል ባይ ነኝ። ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት መጽሔት ግጥም የሚመርጡትን ጓደኞቼን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ወረቀቱን ከመቀበላቸው በፊት ገጣሚው ቆሞ ያንብብላቸው፤ እነርሱም ዓይናቸውን ጨፍነው ይቍጠሩ።