ከሰው አገር የተመለሰን ሰው ምን ብለን እንጠይቀዋለን?

ይህን ጽሑፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት ገረሴ ላይ እሳት ዳር ተቀምጬ የሰማሁት ነገር ነው። ነገሩን ግን ከሩቅ፣ ከጀርመን አገር ስለምጀምር ትዕግሥት እለምናለሁ። ሁለቱ የሚገናኙበት ስፍራ አለ።

ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ የፍሮቤኒየስ ተቋም የሚባል የጥናት ቤት ይገኛል። ከዚህ ቤት የተላኩ አጥኚዎች በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1934 እስከ 1935፣ ኋላም ከ1950 እስከ 1952፣ እንደገናም ከ1954 እስከ 1956 ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መጥተው ሠርተዋል። መሪያቸው አዶልፍ የንዘን የሚባል ምሁር ነበር። አርባ ምንጭ ገና ባልተቆረቆረችበት፣ የጋሞ ጎፋ መቀመጫ ጨንቻ በነበረበት ዘመን ነው። ሰዎቹ አባቶቻችንን ጠይቀው፣ ያዩትን ሥለውና ጽፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከመካከላቸው ሔልሙት ሽትራውበ የሚባለው በ1963 ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ «ምዕራባዊ ኩሻውያን» ሕዝቦች አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ የጋሞ ደጋም በውስጡ አለ። (አርእስቱ እንኳ ዛሬ አርጅቷል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሐሮልድ ፍሌሚንግ ካነሣው ክርክር ወዲህ ቋንቋችን ኦሞአዊ ከሚባለው ወገን ይቆጠራል። ለመሆኑ ስም ሲወጣልን ማን ጠይቆን ያውቃል?)

እኔ የምቀናው በመጽሐፉ አይደለም። የምቀናው በአመላለሳቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ከሰው አገር ሲመለሱ ማስታወሻቸውን የሚረከብ ቤት ነበራቸው። ያዩት ነገር ዋጋ እንዳለው አስቀድሞ ያመነ ቤት ነበረ ማለት ነው።

«እነርሱ ሀብታሞች ናቸው፤ እኛ ግን ዳቦም አልጠገብን» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ይህን መልስ እስኪሰለቸኝ ሰምቼዋለሁ። የፍራንክፈርት አሮጌው ከተማ በ1944 በቦምብ ወድሞ ነበር። ሰዎቹ በ1950 ወደ እኛ ሲመጡ ጦርነቱ ካበቃ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ከፍርስራሽ መካከል ተነሥቶ የሰው አገር ሽማግሌ የሚናገረውን ሊጽፍ የሚሄድ ሕዝብ ይህን ያደረገው ተርፎት ነው ለማለት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ገረሴ ልመለስ።

በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ፈቃድ የላቸውም ያላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ሲያስወጣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። የአክስቴ ልጅ ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ጂዳ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ አንዲት ሻንጣ ይዛ በማታ ገባች። እኔ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ቡና ተፈላ፤ እልልም ተባለ። ከዚያ በኋላ ከየማዕዘኑ የመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» እኔም ከሌላው አልተሻልሁም። እቅፏ ውስጥ ሆኜ «እትዬ፣ ጫማዬስ?» ነበር ያልኋት።

እርስዋ ስድስቱን ዓመት ሙሉ ስታደርግ የኖረችውን ባለፈው ክረምት ነው የሰማሁት። የምትጦራቸው አሮጊት የስኳር በሽተኛ ነበሩ። ጧትና ማታ ጣታቸውን ወግታ ደማቸውን ትለካለች፤ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ የሚበሉትን ትመዝናለች። እግራቸውን በየቀኑ እያገላበጠች ታያለች፤ የስኳር በሽተኛ እግሩ ቆስሎ እንኳ ላይሰማው እንደሚችል አስተምረዋታል። ዓረብኛ ትናገራለች፤ የመድኃኒቱን ጽሑፍ ማንበብም ለምዳ ነበር።

በተመለሰች ሰሞን ደግሞ ከቤታችን ሦስት አጥር አልፎ የሚኖሩ አንድ አባት በዚሁ በሽታ እግራቸው ቆስሎ ተኝተው ነበር። ቁስሉን የቤተ ሰቡ ሰው በቅጠል ያስር ነበር። እርስዋን የጠራት የለም። ለምን አልሄድሽም ብዬ ብጠይቃት፣ «ባዶ እጅዋን የመጣች ሴት ምን ትናገራለች? ማንስ ይሰማታል?» አለችኝ። አባት በዓመቱ ዐረፉ። ብትጠራ ኖሮ ይድኑ ነበር አልልም፤ ሐኪም አይደለችም። ነገር ግን ያ ቁስል በቤት ተይዞ የሚቆይ እንዳልሆነ፣ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መወሰድ እንደሚገባው ከዚያ ሠፈር ሁሉ የምታውቀው እርስዋ ብቻ ነበረች። የላከችው ገንዘብ የአክስቴን ቤት ቆርቆሮ አልብሷል፤ ይህን ሁሉም ሰው ይቆጥረዋል። ያወቀችውን ግን የቆጠረ አልነበረም። እርስዋም ሁለት ዓመት እንኳ ሳትቆይ ተመልሳ ወጣች።

በጋሞ ደጋ ሶፌ የሚባል ሥርዐት አለን። አዲስ ሙሽራ ከቤት ተለይታ ከከረመች በኋላ ተውባ ገበያ ትወጣለች፤ ሕዝቡም ያያታል፣ ይመርቃታል፣ ከዚያ ወዲያ በአዲሱ ማዕርግዋ ታውቃለች። አባቶቻችን ተለይቶ የቆየ ሰው ዝም ብሎ ተመልሶ እንደማይገባ፣ የሚያስገባው ሥርዐት እንደሚያስፈልገው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ከጂዳና ከቤይሩት ለሚመለሰው ምን አዘጋጀንለት? ከሽሮ ሜዳ ለመስቀል የሚመጣውን ሸማኔ እንኳ የምንጠይቀው ስለ ጋቢውና ስለ ሥጋው መዋጮ ነው። አዲስ አበባ ላይ ድርና ማግ በስንት እንደሚገዛ፣ ጥበቡን ማን እንደሚያስለብጠው፣ ነጋዴው ምን ያህሉን ትርፍ እንደሚወስድበት ጠይቀነው እናውቃለን?

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችስ? ዕረፍት ስንሄድ ከስልካችን ዓይናችንን ሳናነሣ ገንፎ በልተን እንመለሳለን። የምንጽፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ አብዛኛው ከመጽሐፍ ተቀድቶ መጽሐፍ ላይ የሚገለበጥ ነው። የጀርመኖቹንም ሥራ እንደ ቅዱስ ነገር አላይም። ብዙውን የጠየቁት ሽማግሌዎችን ነው፤ የጻፉትም ለራሳቸው አንባቢ በራሳቸው ቋንቋ ነው። ስለ ገረሴ ጎረቤቶች የተጻፈ ነገር ገረሴ ላይ የሚያነበው ሰው የለም። ይህ እኮ የእነርሱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ተርጉሙልን ያለ ከእኛ ወገን ማን ነበር?

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛው፣ ከቦንኬ፣ ከገረሴ፣ ከካምባ፣ ከጨንቻም የመጣን አባላት በመጪው ክረምት እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ይዘን እንሂድ፤ ከሰው አገር ወይም ከአዲስ አበባ የተመለሰ አንድ ሰው በፈቃዱ፣ ስሙ ሳይጻፍ፣ የሚያውቀውን እንዲነግረን እንጠይቅ፤ ደብተሮቹም በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጡ። ሁለተኛው፣ ጀርመንኛ የሚያውቁ መምህራንን ለምነን ስለ ጋሞ የተጻፈውን ክፍል በአማርኛና በጋሞኛ እናስገኝ። ወጪው ደብተርና እስክሪብቶ ነው፤ ልመናውም ክፍያ የለውም።

የአክስቴ ልጅ ካቻምና ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሳለች። ያን ምሽት ስትነግረኝ እሳቱ ጠፍቶ ነበር፤ እኛ ግን አልተነሣንም። በማግስቱ ደብተር አውጥቼ «እትዬ፣ ልጻፈው?» ብላት ትንሽ ዝም አለችና፣ «ጻፈው፤ ግን ማን ያነበዋል?» አለችኝ። ያነባሉ ብዬ ማኅበሩን ዋስ ጠርቻለሁ። ደብተሩ አሁን በእጄ ነው፤ የማስረክብበትን ቀን ከጸሐፊው እጠብቃለሁ።